«ለጥናቱ ብቁ አይደሉም» ስንባል

በውጭ አገር ስንኖር በደብዳቤ መከልከል አዲሳችን አይደለም። ቪዛ ተከልክለናል፣ ለሥራ አመልክተን «እናመሰግናለን፣ ግን…» ተብለናል፣ ለኪራይ ቤት ተሰልፈን ለሌላ ሰው ሲሰጥ አይተናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቆዳችን ደንድኗል ማለት ይቻላል። አንድ ክልከላ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ለዓመታት የታመመ ሰው አዲስ መድኃኒት በሚሞከርበት የሕክምና ጥናት ለመሳተፍ ተመዝግቦ፣ ፈርሞ፣ ደም ሰጥቶ፣ ሳምንታት ጠብቆ «ለጥናቱ ብቁ አይደሉም» ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው። እዚህ ላይ «አይሆንም» የተባለው ወረቀቱ ወይም የባንክ ሂሳቡ ሳይሆን የገዛ ሰውነቱ ነው።

በእኛ ሰው መካከል ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አይወራም። በሽታውን ራሱን የደበቀ ሰው ከጥናት መመለሱን ለማን ይናገራል? ብቻውን ይውጠዋል።

እኔ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ሕመም አለብኝ። የጀመረኝ ለማስተርስ ወደ አውሮፓ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዱ መድኃኒት ሠርቶ ሠርቶ ሲያቆም፣ ሌላ ሲተካ፣ እሱም ሲደክም ዓመታት አለፉ። ሐኪሜ ስለ አንድ አዲስ ክኒን ጥናት ስትነግረኝ በልቤ ድኜ ነበር። በማጣሪያ ምርመራው ግን ቀረሁ። ደብዳቤው ምክንያት አልነበረውም። ደውዬ ስጠይቅ የጥናቱ አስተባባሪ አንድ ቁጥር ነገረችኝ፦ ኒውትሮፊል 1,200። ጥናቱ የሚፈልገው ቢያንስ 1,500 ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ከሐኪሜ የሰማሁትን የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይኖራል ብዬ ነው።

ያጣነው ምንድን ነው?

ስንከለከል መድኃኒት ከእጃችን የተነጠቀ ይመስለናል። ግን ጥናት ሕክምና አይደለም። በብዙ ጥናቶች ማን አዲሱን መድኃኒት፣ ማን የተለመደውን ወይም ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ክኒን) እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ደግሞ ዋና ዓላማቸው የመድኃኒቱን መጠንና ጉዳት ማወቅ ነው። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ አዳዲስ መድኃኒቶች ለፈቃድ የሚበቁት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ናቸው። ጥናትን እንደ ግል ሕክምና መቁጠር በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ገና በ1982 እ.ኤ.አ. የራሱ ስም ሰጥተውታል።

ይህን የምለው ሐዘኑን ለማሳነስ አይደለም። ሰው ያጣው ተስፋውን ነው፤ «በመስከረም እጀምራለሁ፣ እስከ ገና ይሻለኛል» ብሎ የሠራውን ዕቅድ ነው። ይህ ያስለቅሳል፣ ማልቀስም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያጣነውን በትክክል ማወቅ ይረዳል። የቀረብን የመዳን ዋስትና ሳይሆን የመሞከር ዕድል ነው። ሌላ ዕድል ደግሞ ሊገኝ ይችላል።

ቁጥሩ ስለ እኛ ምን ያውቃል?

እኔ በሙያዬ ቀኑን ሙሉ «ይህ ቁጥር ከዚህ በታች ከሆነ አታስገባ» የሚል ትእዛዝ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ መስመር ከፊቱ የቆመውን ሰው አያይም። መስመሩን የጻፈው ሰው የትኛውን ሕዝብ አይቶ እንደጻፈው መጠየቅ ግን ይቻላል።

ኒውትሮፊል ኢንፌክሽን የሚዋጋ የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። በብዙ ቦታ ጤናማ የሚባለው ዝቅተኛ መጠን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1,500 ነው። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በተገኙ ብዙ ጤናማ ሰዎች ላይ ግን ቁጥሩ ከዚያ በታች ይሆናል። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያንና በየመን አይሁዶች ላይም ሐኪሞች ይህንኑ አስተውለዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ምክንያቱን «ዱፊ» ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር አገናኘው። የዱፊ ፕሮቲን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች በደም ሥራቸው የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል ዝቅ ይላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ የተነሳ ከሌላው ሰው በተለየ ለኢንፌክሽን አይጋለጡም። ይኸው የዱፊ አለመኖር ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት በእጅጉ እንደሚከላከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። አያቶቻችንን የጠበቀ ነገር ዛሬ ከጥናት በር ይመልሰናል ማለት ነው።

ነገሩ እየተለወጠ ነው። ክሎዛፒን ለሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ዓይነት የደም ተፈጥሮ ላላቸው ሰዎች የተለየ፣ ዝቅ ያለ ገደብ አወጣ። በካንሰር ጥናቶችም የላቦራቶሪ መስፈርቶች ያለ በቂ ምክንያት ጥቁሮችን እያስቀሩ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝቅተኛ ኒውትሮፊል ሁሉ ተፈጥሮ አይደለም፤ መድኃኒትም ሌላ በሽታም ሊያመጣው ይችላል። የሚለየው ሐኪም ነው። እኔ የድሮ የደም ውጤቶቼን ሰብስቤ ለሐኪሜ ወሰድኩ። ቁጥሩ ከሕመሜ በፊትም እንደዚሁ ነበር። የዱፊ ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ውጤቱም ያንኑ አረጋገጠ። ያ ጥናት አልተከፈተልኝም። ግን ለሚቀጥለው የሚሆን ወረቀት በፋይሌ ውስጥ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ቢቻል በጽሑፍ። ምክንያቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ቦታው ስለሞላ ነው። አንዳንዱ በጊዜ የሚስተካከል ነው፤ ለምሳሌ ከአገራችን የመጣን ብዙዎቻችን ሳንታመም የቲቢ ተህዋስ በሰውነታችን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ አንዳንድ ጥናቶች የመከላከያ መድኃኒቱን ለተወሰኑ ሳምንታት ለወሰደ ሰው በሩን ይከፍታሉ። አንዳንዱ ደግሞ፣ እንደ ዕድሜ ያለው፣ የማይለወጥ ነው። የማይለወጠውን ማወቅም ከመጠበቅ ያሳርፋል።

ሁለተኛ፣ «ምርመራው ሊደገምልኝ ይችላል ወይ? ሌላ ጥናትስ አለ ወይ?» በሉ። በአሜሪካ መንግሥት የሚተዳደረው «ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ» የሚባለው ድረ ገጽ በብዙ አገሮች የሚካሄዱ ጥናቶችን ከነመስፈርታቸው ይዘረዝራል። ከባድ ሕመም ላለበትና ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው ደግሞ ያልጸደቀ መድኃኒት ከጥናት ውጭ የሚሰጥበት አሠራር በአሜሪካም በአውሮፓም አለ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ሐኪማችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ለጥናት ብቁ ለመሆን ብላችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ።

አራተኛ፣ ተስፋ የቆረጠን ሰው የሚያድኑ ነጋዴዎች አሉ። «ስቴም ሴል» እያሉ ያልተረጋገጠ ነገር በሺዎች ዶላር የሚሸጡ ክሊኒኮችን በተመለከተ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። «ጥናት ነው» ብሎ ለመድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍላችሁ ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ለወዳጅ ዘመድ

ከጥናት የተመለሰ ሰው ሲነግራችሁ ቶሎ ብላችሁ «ለበጎ ነው» አትበሉት። ምናልባት እውነት ይሆናል፤ ግን ያንን የማለት መብት ያለው ባለጉዳዩ ነው፣ እሱም ጊዜ ሲያልፍ። በዚያ ሳምንት የሚጠቅመው «ቀጠሮህ መቼ ነው? አብሬህ ልሂድ» የሚል ሰው ነው። ቋንቋው የሚከብዳት እናት ከሆነች ደግሞ፣ ከአስተባባሪው ጋር ስትነጋገር አስተርጓሚ እንዲመደብላት ከጎኗ ሆኖ የሚጠይቅ ልጅ ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረጃውን የጠበቀ የሕክምና ጥናት ሲታተም ስንት ሰው ተመርምሮ ስንቱ መስፈርቱን ባለማሟላት እንደቀረ በቁጥር ይቀመጣል። የተመለስነው ሰዎች እዚያ አለን። መስፈርቶቹ ጠበው እንደሆነ የሚታወቀውም እንዲህ ያለው ቁጥርና ምክንያቱ ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ለራስ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ለሚመጣውም ነው። ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡ። ሕክምናችሁን ቀጥሉ። ብቻችሁን ግን አትሁኑ።