ከካርቱም ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በቢስክሌት ሲለካ

መንገድን ሰው ሁሉ የሚለካው እንደ ሥራው ነው። መሐንዲሱ በኪሎ ሜትር፣ ነጋዴው በጭነት ኪራይ፣ ሹሙም በኬላው በሚገባው ቀረጥ ይለካዋል። ነገር ግን የመንገድን ደግነትና ክፋት ጠንቅቆ የሚያውቀው ቢስክሌተኛ ነው፤ ባለመኪናው በሞተር ኃይል የሚያልፈውን ዳገት፣ አሸዋና ጠጠር እርሱ በገዛ ጉልበቱ ይከፍልበታልና። ስለዚህ ከካርቱም ተነሥቶ በገዳሪፍና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ደጋ የሚወጣው መንገድ በቢስክሌተኛ ዓይን ቢታይ፣ ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም የሚጠቅም ብዙ ነገር ይገኝበታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በጠጠር ላይ በቢስክሌት መሄድ አዲስ ነገር አይደለም፤ አስፋልት ሳይስፋፋ ቢስክሌተኛ ሁሉ የሚሄደው በጠጠርና በኮረኮንች ላይ ነበር። አዲሱ ነገር ለዚሁ መንገድ ተብሎ የተሠራ ቢስክሌት መውጣቱና ውድድሩም ሥርዓት ማግኘቱ ነው። የዚህ ቢስክሌት ጎማ ለአስፋልት ውድድር ከሚሆነው ይሰፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ነፋሱም ላላ ተደርጎ ስለሚሞላ የጠጠሩን ንቅናቄ ያበርዳል፤ ማርሹም ለረጅም ዳገት የቀለለ ነው። በአሜሪካ በካንሳስ አገር በ2006 የተጀመረው የ200 ማይል ውድድር በእጅጉ የታወቀ ሲሆን፣ የዓለም ሻምፒዮና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ2022 በኢጣልያ በቬኔቶ ነው። በምሥራቅ አፍሪካም በ2021 በኬንያ በማሳይ ማራ የአራት ቀን የጠጠር ውድድር ተጀምሯል።

ከካርቱም ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ በዓለም ቢስክሌተኞች ዘንድ ያስታወቀው ግን ውድድሩ ሁሉ እንዲህ ሥርዓት ከመያዙ በፊት የተጀመረው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው ጉዞ ነው። ይህ ጉዞ በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን ደረሰ፤ ርዝመቱ ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲጠጋ አራት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ተጓዦቹ የኑብያን በረሃ ከተሻገሩ በኋላ ካርቱም ላይ ያርፉ ነበር፤ ከዚያም በምሥራቅ አቅጣጫ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ያመሩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ከመተማም እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ጠጠር ነበር፤ አስፋልቱ የመጣው ኋላ ነው።

የመንገዱ ጠባይ በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከዚያ በዋድ መደኒ በኩል እስከ ገዳሪፍ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተሄዶ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው 150 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድም ቢሆን ብዙ አይወጣም። ከመተማ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እስከ ጎንደር ባለው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከፍታው ከ2,100 ሜትር ያልፋል። ያውም መንገዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ወደ ሸለቆ እየወረደ እንደ ገና ስለሚወጣ፣ ቢስክሌተኛው የሚወጣው ዳገት በካርታ ላይ ከሚታየው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ብዙ ቀን በሜዳ ላይ ሲሄድ የሰነበተ ሰው ጉልበቱን የሚጠየቀው በመጨረሻው ክፍል ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚከፋው አንዳንድ ጊዜ አፈሩ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ በብዛት የሚያበቅለው ይኸው አፈር በክረምት ወደ ጭቃ ተለውጦ ጎማ ይይዛል፣ ካፊያ በወረደ ጊዜም ቢስክሌቱን ያስቆመዋል። ስለዚህ ተጓዦች ይህን ክፍል በበጋ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ያልፉት ነበር። በበጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ውሃ ማፍሰሻው ያልተስተካከለና ግሬደር ያልዞረበት የጠጠር መንገድ የከባድ መኪና ጎማ ሲደጋገምበት እንደ እርሻ ትልም በአግድሙ ይሸነተራል። ሽንትሩ የቢስክሌተኛውን ክንድ እንደሚያደክም ሁሉ የጭነት መኪናውንም ባሌስትራ ይሰብራል፤ በዚህ ነገር የቢስክሌተኛውና የነጋዴው ብሶት አንድ ነው።

ከመተማ ወዲህ መንገዱ በገንዳ ውሃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ ወደ አዘዞ ይደርሳል። ሻይ፣ እንጀራ፣ የመጠጥ ውሃና ማደሪያ የሚገኘው በእነዚህ ትናንሽ ከተሞች ነው። ቢስክሌተኛ በቀን ጥቂት ስለሚሄድ፣ ባለመኪናው ሳያይ በሚያልፈው መንደር ሁሉ ገንዘብ ይጥላል። በዚያው ልክም የሕዝቡን ጠባይ ከሌላው ተጓዥ ይልቅ በቅርብ ይቀምሳል፤ የገጠር ልጆች በቢስክሌተኞች ላይ ድንጋይ መወርወራቸው ብዙ መንገደኞች የጻፉት ነገር ነው። ይህንንም ለማረም ወላጅ፣ መምህርና የቀበሌ ሹም ቢተባበሩ ይበቃል።

ይህ መንገድ የቢስክሌት መንገድ ከመሆኑ አስቀድሞ የቅፍለት መንገድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመተማ ገበያ ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ከደጋ የሚወርድበት፣ ጥጥና የባሕር ማዶ ዕቃም የሚወጣበት ነበር፤ የሰው ልጅ በባርነት የሚሸጥበትም መሆኑ አይካድም። በማርች 1889 አፄ ዮሐንስ የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው፤ በዚያ የጦርነት ዘመን ንግዱ ተሰናከለ። በ1902 የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን በውል ከተወሰነ በኋላ ገላባትና መተማ በአንድ ወራጅ ግራና ቀኝ የሁለት መንግሥታት ኬላ ሆኑ።

ያለፈው ዘመን ነገር በዘመናችን ተደገመ። በ2020 መጨረሻ በአልፋሽጋ እርሻዎች ምክንያት በሁለቱ አገሮች መካከል ጠብ ተነሣ፤ ኬላውም በየጊዜው የሚዘጋበት ሆነ። በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ከተማይቱ የመንገደኛ ማረፊያ መሆኗ ቀርቶ ነዋሪዋ የሚሸሽባት ሆነች። በዚያው ዓመት አስፋልት የለበሰው የገዳሪፍና የመተማ መንገድ ቢስክሌተኞችን ሳይሆን ስደተኞችን ተሸከመ፤ ለእነርሱም በኩመርና በአውላላ ሰፈር ተሠራላቸው። ከኦገስት 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል ውጊያ ስለ ተነሣ፣ በሜይ 2024 ከስደተኞቹ ብዙዎች ዝርፊያና ጥቃት በዛብን ብለው ሰፈሩን ትተው በእግራቸው ወጡ። በማርች 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ቢይዝም ጦርነቱ በዚያ አላበቃም።

በሰሜን በኩል ያለው ሌላው መንገድ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ከከሰላ ተነሥቶ በተሰነይ፣ በባረንቱ፣ በአቆርዳትና በከረን በኩል 2,300 ሜትር ከፍታ ወዳላት አሥመራ የሚወጣው ጎዳና ለጠጠር ቢስክሌት የተመቸ ነው። የሚደርስበትም አገር ቢስክሌት የሚያከብር ነው፤ የኤርትራ ዙር ውድድር የተጀመረው በ1946 ሲሆን፣ ቢንያም ግርማይ በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል። ይሁን እንጂ የሱዳን መንግሥት ይህንን ወሰን በጃንዋሪ 2018 ዘግቶ ለአንድ ዓመት ያህል ሳይከፍተው ቆይቷል። በዚያ ጊዜ መንገዱ አልፈረሰም፤ የቀረው ማለፊያው ነው።

እንግዲህ ቢስክሌተኛ ከመንገድ የሚፈልገውን ብንቆጥር ሦስት ነገር ነው፤ ውሃ የማይዘው የተስተካከለ ወለል፣ በየዕለቱ ጉዞ ልክ ውሃና ማደሪያ፣ ሰላማዊና የታወቀ ሥርዓት ያለው ኬላ። ሰሊጥ የሚጭነው ነጋዴም የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም። የመጀመሪያውን መሐንዲስ፣ ሁለተኛውን ባለሱቅ ይፈጽመዋል፤ ሦስተኛው ግን የሁለት መንግሥታትን ስምምነት ይጠይቃል። በገላባት ኬላ ቀረጡ ተገልጦ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ መዝጊያና መክፈቻው ሰዓትም ቢከበር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰላም በተመለሰ ቀን ቢስክሌተኛው አስቀድሞ፣ ነጋዴውም ተከትሎ ወደዚያ መንገድ የሚመለሱት እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ተሟልቶ ሲያዩ ነው።