የሊኑክስ ኮምፒውተርዎ ዲስክ ሲሞላ ምን ይሰረዛል? ምንስ አይነካም?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. ማቆሙን ተከትሎ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የማይችሉ አሮጌ ላፕቶፖች ካሏቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ነጻ ወደሆነው ሊኑክስ ፊታቸውን አዙረዋል።

ቶሮንቶ ለሊኑክስ እንግዳ አይደለችም። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአውሮፓውያኑ 1991 ይፋ ያደረገው ይህ ሥርዓት 25ኛ ዓመቱ የተዘከረበትን ሊኑክስኮን የተሰኘ ጉባኤ በነሐሴ 2016 ያስተናገደችው ይህችው ከተማ ናት።

ይሁን እንጂ አሮጌ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ዲስክ ነው ያለው። ጥቂት ወራት እንዳለፉ «የዲስክ ቦታ እያለቀ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። በዚያው ዲስክ ላይ የኢሚግሬሽን ሰነዶች፣ የልደት ምስክር ወረቀቶችና ከአገር ቤት የተላኩ የቤተሰብ ፎቶዎች ተቀምጠው ከሆነ፣ በችኮላ የሚወሰድ እርምጃ ዋጋ ያስከፍላል።

ቦታው ለምን ያልቃል?

በሊኑክስ ሁሉም ማህደሮች «ሩት» ማለትም «ሥር» ከሚባል አንድ ቦታ ይነሳሉ። ይህ ሥር የሚያርፍበት የዲስክ ክፍል የሥርዓቱ ፓርቲሽን ይባላል። በሚሞላበት ጊዜ የደኅንነት ማሻሻያዎች መጫን ያቆማሉ፤ አልፎ ተርፎም ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ቢያስገቡም ኮምፒውተሩ ወደ መግቢያው ገጽ ሊመልስዎ ይችላል።

ከሁሉ በፊት

ሰነዶችዎን በፍላሽ ወይም በውጫዊ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ቀጥሎ ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ይለዩ። በተርሚናል «ዲኤፍ» የተሰኘው ትዕዛዝ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ምን ያህል እንደሞላ ያሳያል። በምስል ማየት ለሚመርጡ ደግሞ «ባኦባብ» የተሰኘው የዲስክ አጠቃቀም መመልከቻ አለ።

ያለ ስጋት የሚጸዱ

በኡቡንቱና በሊኑክስ ሚንት፣ «አፕት ክሊን» የተሰኘው ትዕዛዝ ከተጫኑ በኋላ ተከማችተው የቀሩ የፕሮግራም ጥቅሎችን ያስወግዳል። «አፕት ኦቶሪሙቭ» ደግሞ ማንም የማይጠቀምባቸውን ጥቅሎችና አሮጌ ከርነሎችን ያነሳል፤ ሥርዓቱ እየሠራበት ያለውን ከርነል ግን አይነካም። የሚወገዱትን ዘርዝሮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ዝርዝሩን አንብበው ይፍቀዱ።

ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የክንውን ማስታወሻም ቦታ ይይዛል። ገደብ ካልተበጀለት ከፓርቲሽኑ እስከ 10 በመቶ፣ ቢበዛ እስከ 4 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ «ጆርናልሲቲኤል» በተሰኘው ትዕዛዝ መቀነስ ይቻላል።

ከሊኑክስ ሚንት ጋር የሚመጣው «ታይምሺፍት» የሥርዓቱን ቅጂዎች የሚያስቀምጠው በዚያው ፓርቲሽን ላይ ከሆነ ብዙ ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። አሮጌ ቅጂዎችን ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ፦ ታይምሺፍት በተለምዶ አሠራሩ የሥርዓቱን እንጂ የእርስዎን ሰነዶችና ፎቶዎች ቅጂ አያስቀምጥም።

ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የተጣለ ፋይልም ቅርጫቱ እስኪራገፍ ድረስ ቦታውን አይለቅም።

በእጅ የማይነኩ

«ቡት»፣ «ዩኤስአር»፣ «ሊብ» እና «ኢቲሲ» የተሰኙት ማህደሮች የሥርዓቱ ምሰሶዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ መስሎ የታየን ፋይል በእጅ መሰረዝ ኮምፒውተሩ ዳግም እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

መግባት ካልተቻለስ?

ኮምፒውተሩ መግቢያው ላይ እየመለሰ ካስቸገረ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ቁልፎችን በአንድ ላይ ይጫኑ። በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ መግቢያ ይከፈታል። ኤክስት4 የተሰኘው የፋይል አደረጃጀት በተለምዶ 5 በመቶውን ቦታ ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ስለሚያስቀር፣ ዲስኩ ሞልቷል ቢባልም ከላይ የተጠቀሱትን የማጽጃ ትዕዛዞች በአስተዳዳሪነት ሥልጣን ማስኬድ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

ይህም ካልሠራ፣ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቻላል። ሌላ ኮምፒውተር የሌለው የቶሮንቶ ነዋሪ መመሪያዎችን ለማንበብ የከተማዋን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች በነጻ መጠቀም ይችላል፤ የታላቋ ቶሮንቶ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ቡድንም ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚገናኙበት መድረክ ነው።

ሥርዓቱ ቢበላሽ እንደ አዲስ ይጫናል። ቅጂ ያልተያዘለት የቤተሰብ ፎቶ ግን ከጠፋ ላይመለስ ይችላል።