«ወራጅ አለ» የሚለው ካርድ

ኮምፒውተሩ የመጣው ከሱሉልታ ነው። የአጎቴ ልጅ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ ከአሮጌ ጎማና ከገብስ ጆንያ ኋላ አገኘውና «ከፈለግህ ና ውሰደው፤ ካልሆነ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ» ብሎ ደወለልኝ። ቆራሌውን ቀደምኩት። ቡራዩ ቤቴ አምጥቼ አቧራውን አራግፌ ሳበራው፣ የጥንቱ ሥርዓተ ክወና ዶስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሣ። «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የተባለው ጨዋታ እንኳ በሆዱ አለ። ልዑሉ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ እሾህ ላይ ይወድቃል። ድምፅን በተመለከተ ግን ከሣጥኑ የሚወጣው ጢጥ፣ ጢጥ ብቻ ነው።

ጢጥ የምትለው ፒሲ ስፒከር ትባላለች። አይቢኤም በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካወጣው የመጀመሪያ ፒሲ ጀምሮ አብራ የኖረች ስትሆን፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቃና በላይ አታወጣም። ሙዚቃ የፈለገ ሰው ሌላ ካርድ ገዝቶ መሰካት ነበረበት።

ገበያውን የከፈተው በ1987 ከካናዳዋ ኩቤክ የወጣው አድሊብ ነው። ኩባንያውን ያቋቋመው ማርቲን ፕሬቬል ቀድሞ የሙዚቃ መምህር ነበር። ካርዱ ላይ የተቀመጠው ዋይኤም3812 የተባለ የያማሃ ቺፕ ዘጠኝ ድምፆችን ባንድ ጊዜ ያሰማል። ድምፁን እንዴት እንደሚፈጥር ለመረዳት መሲንቆ ማሰብ ይበቃል። አዝማሪው ጣቱን ጭራው ላይ ሲያንቀጠቅጥ ዜማው ይርገበገባል። ይህ መርገብገብ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ቢፈጥንስ? ጆሯችን መርገብገቡን መከተል ያቅተውና በምትኩ ሌላ ጠባይ ያለው ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴ ደወል፣ አንዳንዴ ጥሩምባ የሚመስል። ጆን ቻውኒንግ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ይህንኑ ነው። ያማሃ ፈቃዱን ወስዶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ዝነኛ ኪቦርድ ሠራበት። ዲኤክስ7 ለአንድ ድምፅ ስድስት ሞገዶችን እርስ በርስ ያናውጣል፤ የአድሊቡ ቺፕ ሁለት ብቻ። የኪቦርዱ ድኻ ዘመድ ልንለው እንችላለን። እኔ ግን ያንን ድኽነቱን እወድለታለሁ፤ የዶስ ጨዋታ ሙዚቃ ገና ከመጀመሪያው ኖታ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አድሊብ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲንጋፖራዊው ሲም ዎንግ ሁ መጣ። ክሬቲቭ የተባለው ኩባንያው በ1981 ሲጀመር ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ነበር። ሳውንድ ብላስተር የተባለው የ1989 ካርዱ ብልሃት ነበረበት፦ ያንኑ የያማሃ ቺፕ ስለያዘ ለአድሊብ የተሠራ ጨዋታ ሁሉ ይሠራበታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ፣ ማለትም የተኩስ፣ የጩኸትና የንግግር ድምፅ ያጫውታል። የጆይስቲክ መሰኪያም ተመረቀበት። አድሊብ በ1992 ከሰረ።

እኔም ሰበታ ካለ አንድ ጥገና ቤት የሳውንድ ብላስተር ዘር የሆነ ካርድ ከተፈታታ ማሽን ውስጥ ተገኘልኝ። ልጁ አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል» አለኝ። ዋጋው ላይ ግን ለዕድሜው ክብር አልቀነሰም።

መሰካቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ጨዋታና ካርድ ሳይተዋወቁ የሚያግባባቸው ዊንዶውስ አለ። ዶስ ግን አማላጅ አይሆንም። ጨዋታው ራሱ ካርዱን ማወቅና በቀጥታ ማነጋገር አለበት፤ ለዚህም ሦስት ቁጥሮች ይጠይቃል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚመጣ ሚኒባስ ላስረዳ። የመጀመሪያው ቁጥር አድራሻ ነው፤ ካርዱ የሚገኝበት ፌርማታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 220። ሁለተኛው አይአርኪው ይባላል። ካርዱ የተሰጠውን ድምፅ አጫውቶ ሲጨርስ ፕሮሰሰሩን «ወራጅ አለ!» የሚልበት መስመር ነው። ሾፌሩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ሥራውን ገታ ያደርግና ቀጣዩን ድምፅ አሰናድቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ሦስተኛው ዲኤምኤ ረዳቱ ነው፤ ሾፌሩ መሪውን ሳይለቅ ረዳቱ ሂሳብ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ ድምፁን ከሜሞሪ ወደ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ያመላልሳል።

ጠቡ የሚነሣው በሁለተኛው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ከፋብሪካ ሲወጣ አይአርኪው 7 ላይ ተቀምጦ ነበር። 7 ግን የፕሪንተሩ መስመር ነው። ከኋላ ወንበር «ወራጅ» የሚል ድምፅ ቢሰማም ማን እንዳለው ካልታወቀ ሾፌሩ ምን ያድርግ? ስለዚህ ብዙ ሰው ካርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር፣ ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ፣ ነቅሎ ወደ 5 ያዛውራት ነበር። ኋላ የመጡት ካርዶች ራሳቸው 5ን መረጡ።

ምልክቱን ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ጨርሷል። ሙዚቃው እየተሰማ ተኩሱ ዝም ካለ ካርዱ ደኅና ነው፤ የያማሃው ቺፕ የራሱ አድራሻ ስላለው ወራጅም ረዳትም አያስፈልገውም። እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ አንድ ቁራጭ ድምፅ ሳያቋርጥ ከደጋገመ ወይም ጨዋታው ደርቆ ከቀረ አይአርኪውን ጠርጥሩ። ሁሉም ነገር ዝም ካለ ደግሞ፣ ሳቁብኝ እንጂ፣ የስፒከሩን ገመድ እዩት። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀሁት ማይክሮፎን መሰኪያ ውስጥ ሰክቼው ነው።

ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ አውቶኤግዜክ በተባለው የመነሻ ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፋሉ፦ ሴት ብላስተር፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ ኤ220 አይ5 ዲ1 ቲ4። ኤ አድራሻው፣ አይ አይአርኪው፣ ዲ ዲኤምኤው ነው፤ ቲ የካርዱን ትውልድ ይናገራል። አንዳንዱ ጨዋታ ይህን መስመር ያነባል፤ አንዳንዱ እንደ ዱም (1993) በራሱ ማስተካከያ ገጽ ይጠይቃል። የቆዩት ግን ሳይጠይቁ 220 እና 7 ነው ብለው የሚደመድሙ አሉባቸው፤ ለእነሱ ሲባል ጃምፐሯ መመለሷ አይቀርም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ድካሜን አይቶ ላፕቶፑን ከፈተ። ከ2002 ጀምሮ ያለው ዶስቦክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ካርዱንም፣ ቺፑንም፣ ሦስቱንም መስመሮች በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራቸዋል። ልዑሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነሙዚቃው መሮጥ ጀመረ። ከዚያ የዶስቦክሱን ማስተካከያ ፋይል ከፍተን አየን፦ 220፣ 7፣ 1። የጥንቱ የፋብሪካ ቁጥር ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የሚጣላው ፕሪንተር ስለሌለ 7 ያለ ጠብ ይሠራል። የእኔው ላይ 5 ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንቀያየር ልጁ አሁንም 7 እያለ ያደርቅብኛል።