የገበሬ አያትን ዘር ስለ መፈለግ

ከመካከላችሁ አንዱ «የአያትህ አያት ማን ይባል ነበር? የትኛውንስ መንደር ያርስ ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሦስት ወይም አራት ስም ከቈጠረ በኋላ ዝም ይል ይሆናል። በብቸናና በሞጣ አገር ግን እንዲህ ያለው ዝምታ በቀድሞው ዘመን እርሻ ያሳጣ ነበር። በጎጃም ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ስለ ነበረ፣ ገበሬው የትውልድ ሐረጉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይይዘው ነበር። ሐረጉም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ስለሚቈጠር፣ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚ አባቶች ድርሻ ለመጠየቅ ይችል ነበር።

በአውሮፓ የገበሬ አያቱን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ መዝገብ ቤት ነው። በእንግሊዝ አገር አጥቢያዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1538 ነው፤ ከ1841 ወዲህም የሕዝብ ቈጠራው የየሰዉን ስም ይዞ ይገኛል። በአገራችን የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተከትለዋል። ከእነዚህም ታትሞ የወጣው የሕዝቡ ድምር እንጂ የሰው ስም አይደለም። እንግዲህ የብቸና ገበሬ የልጅ ልጅ በቈጠራው መጽሐፍ መንደሩን ቢያገኝ እንኳ አያቱን አያገኝበትም።

ታዲያ ወዴት ይሂድ? አስቀድሞ ወደ ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ እንደ መርጡለ ማርያምና እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቈዩ አድባራትና ገዳማት አሉ። በአገራችን ልማድ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ሀብታሙ መንግሥቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጌታ፣ ዜጋና ገበሬ ያሳተሙት ጥናት የአካባቢው የመሬት ታሪክ ምን ያህል ሊመረመር እንደሚችል ያሳያል።

ከጽሑፎቹ ሁሉ ለዘር ፈላጊ የሚበጀው ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ በነፍስ አባቱና በምስክሮች ፊት ልጆቹን በስም እየጠራ ለማን ምን እንደ ተወ ይናገራልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግና በቃል የሚደረግ ብሎ ለይቶታል፤ በግልጽ የሚደረገውም በመደበኛው ሥርዐት በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ስለዚህ የወራሾቹን ስም ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የምስክሮቹንም ስም ጻፉ፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ሆነው ሌላውን የሐረግ ቅርንጫፍ ሊያሳዩ ይችላሉና።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በእኛ ዘንድ የቤተ ሰብ መጠሪያ የለም፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የክርስትና ስሙም ከዓለም ስሙ ይለያል። ስለዚህ አንዱ ሰው ሁለት፣ ሁለቱም አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በርስት ክርክር ላይ የተቈጠረ ትውልድ የተቈጠረው ለመርታት ነው፤ ከተከራካሪው ወገን የተነገረውንም ሳትሰሙ አትመኑ። ሦስተኛ፣ በርስት ቈጠራ ስሙ የሚነሣው ባለርስቱ ነው፤ ዜጋና ሌላውም ርስት የሌለው ሰው ግን ልጆች ወልዶ፣ አፈር ገፍቶ፣ ስሙ ሳይጻፍ አልፏል። የስሙ አለመገኘት ሰው አለመኖሩን አያስረዳም።

ይህ ሐረግ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ይመሰክራል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የብቸናና የሞጣ ገበሬዎች መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ይሄዳል ብለው ስለ ሠጉ ተነሥተው ተዋጉ። ሰባት ዓመት ቈይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገው ጊዜ፣ ትውልድ መቍጠር መሬት ማስገኘቱ ቀረ።

አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። እንጀራ የማያበላ ዕውቀት ቶሎ ይረሳል። በርስት ዘመን ሐረግ ቈጥረው በዳኛ ፊት የተከራከሩት ሰዎች ዛሬ እጅግ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ብራናው ቢበላሽ ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ ያልተጻፈ የሽማግሌ ቃል ግን ቅጂ የለውም። ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢያን፣ ወደ አገር ቤት የምትሄዱበትን በዓል ሳትጠብቁ ደብተር ያዙ። የአባትን ስም ከእናት ስም፣ የመንደሩን ስም ከደብሩ ስም ጋር ጻፉ፤ ከሥሩም የነገራችሁን ሰው ስምና ዕለቱን አኑሩ። ነገ የሚጠይቃችሁ ልጅ ዛሬ እናንተ ዝም ባላችሁበት ስም ላይ ዝም እንዳይል።