ማግፓይ በሞተ ወገኑ ዙሪያ

ሰሜን ለንደን ኤድመንተን የሚኖር ሰው ማግፓይ ሳያይ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ማግፓይ የቁራ ዘመድ ነው፤ ላባው ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ የቁመቱን እኩሌታ የሚይዝ፣ ጥቁሩም ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ። ተያይዘው በተሠሩት ቤቶች ጀርባ ባሉ ጠባብ ጓሮዎች፣ በፒምስ ፓርክ ሣር ላይ፣ በሊ ወንዝ ዳር ዛፎች ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። በመላ ብሪታንያ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ጥንዶች እንዳሉ ይገመታል።

አንዳንድ ቀን ግን አምስት ስድስት ሆነው አንድ ጓሮ ውስጥ ይሰበሰቡና ሠፈሩን በጩኸት ያናውጡታል። በመስኮት ብቅ ያለ ሰው ሣሩ ላይ የሞተ ማግፓይ ተጋድሞ ያያል። አንዱ ተጠግቶ በመንቁሩ ነካ ያደርገዋል፤ ሌሎቹ ከአጥርና ከጣሪያ ጫፍ ሆነው ይጮኻሉ፤ ጥቂት ቆይተው በየፊናቸው ይበርራሉ። ለቅሶ ሲደረስ እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ግልጽ ነው። ወፎቹ ግን በእርግጥ ለቅሶ ላይ ናቸው?

ጥያቄው ሁለት ነው። ሙታቸውን ያውቃሉ ወይ? ያዝናሉስ ወይ? የመጀመሪያው በሙከራ የሚፈተን ነው፤ ተፈትኗልም። ሁለተኛው ከባድ ቢሆንም መንገድ የሌለው አይደለም።

ከምስክርነት ወደ ሙከራ

የቁራ ወገን ከሞት ጋር ሲነሣ ኖሯል። በቁርኣን አል-ማኢዳ ምዕራፍ ወንድሙን የገደለው የአዳም ልጅ ሬሳውን እንዴት እንደሚሰውር ያየው መሬት ከጫረ ቁራ ነው። በዘመናችን ደግሞ አሜሪካዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ በኮሎራዶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ተርኳል። አራት ማግፓዮች በሞተ ወገናቸው ዙሪያ ቆመው ነበር። በየተራ ቀርበው ሬሳውን በቀስታ ነካኩት፤ ሣር አምጥተው አጠገቡ አኖሩ፤ ጥቂት ቆመውም አንድ በአንድ ሄዱ። ቤኮፍ ይህን ሐዘን ብሎታል። ትረካው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የታየ ድርጊት ለምን እንደተደረገ ራሱ አይናገርም። ለዚህ ሆን ተብሎ የተደገመ ፈተና ያስፈልጋል።

ፈተናውን ያደረገችው ቴሬሳ ኢግሌሲያስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ በሰዎች ጓሮ ውስጥ፣ የማግፓይ ዘመድ የሆነውን ስክረብ ጄይ ፈተነች። አንድ ጊዜ የሞተ ጄይ፣ አንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ እንዲመስል ተሞልቶ የቆመ ጄይ፣ አንድ ጊዜም የተሞላ ጉጉት አስቀመጠች። እንጨቱን ችላ አሉት። የቆመውን ጄይ እንደ ባላንጣ ተጣሉት። የሞተውን ሲያዩ ግን መብላታቸውን ትተው እየጮኹ ሌሎችን ሰበሰቡ፤ በዚያ ቦታ ምግብ መፈለጋቸውም ከአንድ ቀን በላይ ቀነሰ። ጉጉቱን ባዩ ጊዜም እንዲሁ ጮኹ። ጠላታቸው በዐይናቸው ፊት ባይኖርም ሬሳው ብቻውን የአደጋ ምልክት ሆኗቸዋል ማለት ነው።

ኬይሊ ስዊፍትና ጆን ማርዝሉፍ በሲያትል የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ነገሩን አንድ እርምጃ አራመዱት። ቁራዎች በለመዱት የመመገቢያ ቦታ ጭምብል ያጠለቀ ሰው የሞተ ቁራ ይዞ እንዲቆም አደረጉ። ቁራዎቹ ተሰብስበው ጮኹበት። ከዚያ በኋላ ያ ጭምብል ባዶ እጁን ቢመጣ እንኳ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ለይተው ይጮኹበት ነበር፤ ወደ ምግቡም ለመቅረብ ያመነቱ ነበር። ሰውየው የሞተ እርግብ ሲይዝ ግን ቁጣቸው እጅግ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ሥራ የሚለው ግልጽ ነው፤ ቁራ የራሱን ወገን ሬሳ ከሌላው ይለያል፣ ሞትም የት እንደደረሰና ከማን እንደመጣ ይመዘግባል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሌላ ጥናት ቁራዎች ሬሳውን የሚነኩት ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ንክኪውም የርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ በተለይ የመራቢያ ወቅት ሲጀምር የሚነክሱና ሊገናኙት የሚሞክሩም አሉ።

እንግዲህ በኤድመንተን ጓሮ የሚሰማው ጩኸት ቢያንስ አንድ ነገር ነው፤ ማስጠንቀቂያ። የተሰበሰቡት ማግፓዮች እዚህ ቦታ ምን እንደገደለው እያጣሩ ነው። ድመት ይሁን፣ ጭልፊት ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ ነገ በሕይወት የሚቆየው ዛሬ ያወቀ ነው።

ምኑ ነበር?

የማግፓይን ነገር ለጓሮ ወፍ ሁሉ መስጠት ግን ስሕተት ነው። ደረቱ ቀይ የሆነው ሮቢን ለእንግሊዞች እጅግ የተወደደ ወፍ ነው። ዴቪድ ላክ በዴቨን ዳርቲንግተን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሮቢን በክልሉ ውስጥ የተሞላ ሮቢን ሲያኖሩበት አጥብቆ እንደሚያጠቃው ጽፏል። ሬሳውን ትተው ቀይ የደረት ላባ ብቻ ቢያኖሩለት እንኳ ያንኑ ይወጋል። ክልሉን ብቻውን የሚጠብቅ ወፍ በቀይ ላባ ውስጥ የሚያየው ባላንጣን ነው።

ለዚህ ነው ዋናው ጥያቄ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚሆነው፤ ሟቹ ለቋሚው ምኑ ነበር? ጎረቤት፣ ባላንጣ፣ ወይስ የትዳር ጓደኛ? በስክረብ ጄይም ሆነ በሲያትል ቁራዎች ሙከራ ላይ የቀረበው ሬሳ ለተሰበሰቡት ወፎች ባዳ ነበር። ባዳ ሲሞት መጠንቀቅ እንጂ ማዘን አይጠበቅም። ሐዘን ካለ መፈለግ ያለበት ትስስር ረጅም በሆነበት ነው።

ፒምስ ፓርክ ኩሬ ላይ የሚዋኙት ዝዮች እንዲህ ዓይነት ትስስር ካላቸው ወገን ናቸው። ስለ ዝይ ባሕርይ ብዙ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ ጓደኛው የሞተበት ዝይ አንገቱን እንደሚደፋ፣ ዐይኑ እንደሚጎደጉድ፣ በመንጋው ውስጥ የነበረውን ማዕረግ እንደሚያጣ መዝግቧል። ሎሬንዝ ይህን ከሰው ልጅ ሐዘን ጋር ለማነጻጸር አላመነታም።

በትናንሾቹ ወፎች ዘንድ ደግሞ የሚለካው ነገር ግንኙነት ነው። በኦክስፎርድ አቅራቢያ በዋይተም ጫካ ግሬት ቲት የተባለችው የጓሮ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ትጠናለች። ጆሽ ፈርዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ ከመንጋው አንዳንድ ወፎችን ለጊዜው ወስደው የቀሩትን ተከታተሉ። የመንጋ ጓደኞቻቸውን ያጡት ከቀሩት ጋር ያላቸውን ግንኙነት አጠበቁ። ይህ እንባ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሲጎድል የቀሩት መጠጋጋታቸው ለእኛም እንግዳ አይደለም።

የማግፓይን ጥንድ በተመለከተ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስገርም ነገር ጠቅሷል። በዊልትሻየር ከአንድ ጥንድ ማግፓይ አንዱ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ተተኩሶበት ተገደለ፤ የቀረው በየጊዜው ቶሎ ሌላ ጓደኛ አገኘ። ይህ ማግፓይ አያዝንም ለሚሉ ጠንካራ ማስረጃ ይመስላል። ነገር ግን ጎጆና ክልል ያለው ወፍ ብቻውን ጫጩት ማሳደግ ይከብደዋል፤ መራቢያው ወቅትም አይጠብቅም። ሐዘን ኖሮም ሕይወት ሊያስቸኩል ይችላል። ፈጥኖ መጣመሩ ሐዘን መኖሩንም አለመኖሩንም አይፈርድም።

ከጓሳ የመጣ ትምህርት

ትስስሩ በማያጠራጥርበት ቦታ ምን እንደሚታይ ለማወቅ የራሳችን አገር ምስክር አላት። በመንዝ ጓሳ ፒተር ፋሺንግና ባልደረቦቹ ጭላዳዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ 14 እናቶች የሞቱ ግልገሎቻቸውን ተሸክመው ሲዞሩ አይተዋል። አንዳንዷ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዷ 48 ቀን እስኪሞላና ከዚያም በላይ ተሸክማለች፤ ሬሳው በደጋው ብርድ እስኪደርቅ ድረስ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ከጓሳ የምንማረው፣ ተመልካቾቹ እያንዳንዷን እናትና ግልገሏን ለይተው ስለሚያውቁ፣ ምኑ ነበር የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ማግኘቱን ነው። የጓሮ ወፍ ጥናት የሚጎድለው ይህ ነው። ባለቀለም ቀለበት እግራቸው ላይ የታሰረላቸው ጥንዶች ሲኖሩ ግን ማን የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያኔ ሞት ሲደርስ የባዳው ጩኸትና የጓደኛው ዝምታ ተለይተው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

ኤድመንተን ያላችሁ አንባብያንም ድርሻ አላችሁ። ማግፓዮች በሬሳ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ካያችሁ አታባርሯቸው፤ ስንት እንደነበሩ፣ ማን እንደነካው፣ ምን ያህል እንደቆዩ ጻፉ። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጋርደን ዋይልድላይፍ ኸልዝ ለተባለው የጓሮ እንስሳት ጤና ክትትል አስታውቁ። ኡሱቱ የተባለው የወፎች ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በታላቋ ለንደን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በከተማዋ ብላክበርድ የተባለው የጓሮ ወፍ ቁጥር ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። የአንድ ወፍ ሞት ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ማግፓይ ያውቃል፤ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው።

ማግፓይ ሞትን ያውቃል ብሎ መናገር ዛሬ ድፍረት አይደለም። ያዝናል ለማለት ግን የሚያዝንለትን ማወቅ ይቀድማል፤ ለሰው ለቅሶ የምንሰጠውን ይህን ክብር ለወፍም ብንሰጥ እውነቱ ይበልጥ ይቀርበናል።