ከመደርደሪያ ወደ መጽሔት፦ የምርምር ጥያቄን ስለ መምረጥ



በየዓመቱ የማነባቸው አብዛኞቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ድካም አላነሳቸውም፤ የሚጎድላቸው አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ ነው። «የብልሃርዝያ ስርጭትና ተግዳሮቶቹ» ብሎ የወረዳ ስም የሚጨምር ርእስ ቦታውን ይነግረናል እንጂ ምን እንደተጠየቀ አይነግረንም።

ለዚህ ዘወትር የማነሣው ምሳሌ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ብልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰፊው ችግር ወደ አንድ የሚፈተን ጥያቄ ጠበበ፦ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶዱ ነውን? ምልከታው የዓድዋ ቢሆንም ጥያቄው ብልሃርዝያ ያለበትን አገር ሁሉ ይመለከታል።

የመጽሔት አዘጋጆችና ገምጋሚዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። እንግዲህ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ጻፉ፦ እስካሁን የሚታወቀው ምንድን ነው? ያልታወቀው የቱ ነው? የእኔ መረጃ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይመልሳል? ሦስተኛውን መመለስ ካቃታችሁ ወደ መስክ አትውጡ። ውጤቱ «አይደለም» ቢሆን እንኳ ለአንባቢ ዕውቀት የሚጨምር ጥያቄ ምረጡ። ወረዳችሁን አትተዉ፤ ለሌላው ምን እንደሚያስተምር ግን በመግቢያው አሳዩ።

ለቃለ መጠይቅና ለናሙና ጊዜያቸውን የሰጡን ሰዎች ዕዳ አለብን። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ዕዳው አልተከፈለም።