ዜሮ ቊጥር ነውን?

አንባቢ ሆይ! በደሴ መንገድ ተጉዘው ጣርማ በር ደርሰው ከሆነ፥ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ዋሻ ያውቁታል። ወዲህ ብርዳሙ ደጋ፥ ወዲያ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደው ቊልቊለት ነው። እንግዲህ ከዋሻው አፍ ተነሥተው 300 ሜትር ቢወርዱ፥ ያሉት በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። «ስንት ኪሎ ሜትር ጨረሱ?» ቢባሉ ግን መልስዎ «ምንም» ነው። ታዲያ ይህ «ምንም» ቊጥር ነው ወይስ የቊጥር መታጣት?

ጥያቄው የልጅ ጨዋታ እንዳይመስልዎ። የግዕዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት የለውም፤ 2006 ሲጻፍ ፳፻፮ ነው። ነገር ግን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመን ሲያሰሉ ዜሮን ሳያገኙት አልቀሩም። ይኸውም 5500 ከ2006 ጋር ሲደመር 7506 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 1 ይተርፋል። ከትርፉ ላይ ስለ ተያዘው ዘመን አንድ ይቀነሳል፤ ዓመቱ እንደ መጀመሪያው ኪሎ ሜትር ገና አላለቀምና። የቀረውን ሊቃውንቱ ባዶ አልተዉትም፤ «አልቦ» አሉት። አበቅቴውም አልቦ ሆነ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምን ጊዜም 30 ስለሚሆኑ፥ መጥቅዑ 30 ወጣ፤ በዚሁም ስሌት የ2006 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ምልክት ያልነበረው ቊጥር በዓል ወሰነ ማለት ነው።

በአውሮፓም ነገሩ አከራክሯል። ጣሊያናዊው ፔያኖ እ.ኤ.አ. በ1889 ቊጥርን ከአንድ ጀመረ፤ ኋላ ግን ከዜሮ መጀመርን መረጠ። ጀርመናዊው ፍሬገ በ1884 እንዲህ ሲል አስረዳ፦ ከራሱ ጋር አንድ ያልሆነ ነገር ከቶ የለም፤ የእንዲህ ያለው ነገር ቊጥር ዜሮ ነው። ከዜሮ ጋር እኩል የሆነው ግን ዜሮ ራሱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዚህ አንድ ይገኛል። በ1902 እንግሊዛዊው ራስል በፍሬገ ሕግጋት ውስጥ ተቃርኖ መኖሩን በደብዳቤ ገለጠለት። ሕንጻው ተናጋ፤ ዜሮ ግን ከቊጥርነቱ አልተሻረም።

ይህ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል? ከይፋት ቈላ የወባ ሕመምተኞች ዝርዝር መጣልዎ እንበል። በአንዱ ቀበሌ አንጻር ዜሮ ተጽፏል፤ በሌላው አንጻር ቦታው ባዶ ነው። ዜሮው «ተቈጥሮ አልተገኘም» ይላል። ባዶው ግን «የቈጠረ የለም» ይላል፤ እዚያ ትኩሳት ይዞት የተኛ ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የደመረ ጸሓፊ፥ መድኃኒት የሚያሻውን ቀበሌ ይዘለዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ባዶ ቦታ ባዩ ጊዜ ከመደመርዎ በፊት ይጠይቁ።